ከመሞከር ወደ ማረጋገጥ፤ ዲስክሪት ሒሳብ በኮምፒዩተር ምሕንድስና ትምህርት

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የኮምፒዩተር ምሕንድስና ሊማር ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዲስክሪት ሒሳብ ከሚባለው ትምህርት ጋር ይገናኛል። ወጣቱ የመጣው መሣሪያ ሊሠራ ነው። በሰሌዳው ላይ የሚያየው ግን ስብስብ፣ ዝምድና፣ አመክንዮና የማረጋገጫ ስልት ነው፤ ሽቦም የለ፣ ማብሪያም የለ። ስለዚህ «ይህ ትምህርት ለምን ይጠቅማል?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ እንደ ስንፍና ምልክት ሊቆጠር አይገባውም። ተገቢ መልስ ያላገኘ ተማሪ ቀመሩን ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል፤ ትምህርቱንም ከመልስ ወረቀቱ ጋር አስረክቦ ይወጣል። ነገ የባንክ ሒሳብ፣ የሕሙማን መዝገብ ወይም የኤሌክትሪክ ኃይል መቆጣጠሪያ በእጁ የሚገባው ይኸው ሰው ነውና ጉዳዩ የአንድ ትምህርት ክፍል ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በቅድሚያ የትምህርቱን ጠባይ መመልከት ይገባል። ካልኩለስ ያለማቋረጥ የሚለወጠውን ነገር ይመረምራል፤ በቧንቧ የሚወርደውን ውሃ፣ ቀስ በቀስ የሚግለውን ብረት። ዲስክሪት ሒሳብ በአንጻሩ አንድ፣ ሁለት ተብሎ የሚቆጠረውን፣ በአንዱና በተከታዩ መካከል ሌላ የማይገባበትን ነገር ይመለከታል። ኮምፒዩተር ሁሉን ነገር በ0 እና በ1 የሚለይ፣ ሥራውንም በተቆጠሩ እርምጃዎች የሚፈጽም መሣሪያ በመሆኑ ሒሳቡ ይኸው ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ቡል እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ የአመክንዮን ሕግጋት በአልጀብራ መልክ ሲያቀርብ ስለ መሣሪያ አላሰበም። ይሁን እንጂ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1937 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባዘጋጀው የማስተርስ ጥናት፣ የማብሪያና ማጥፊያ መስመሮች በዚያው አልጀብራ ሊነደፉ እንደሚችሉ አሳየ። ከዚያ ወዲህ «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» የሚሉት ቃላት የመሐንዲሱ መሥሪያ ዕቃዎች ሆኑ።

ይሁንና የትምህርቱ ዋና ጥቅም መሥሪያ ማቀበሉ አይደለም። ዋናው ጥቅም ተማሪውን ከመሞከር ወደ ማረጋገጥ ማሻገሩ ነው።

እያንዳንዳቸው 32 ቢት የሆኑ ሁለት ቁጥሮችን የሚደምር መሣሪያ ለአብነት ይወሰድ። ሊገቡለት የሚችሉት የቁጥር ጥንዶች ብዛት 2 በራሱ ላይ 64 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው፣ ማለትም ከ18 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ነው። በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን ጥንድ የሚሞክር ሌላ መሣሪያ ቢገኝ እንኳ ሥራውን ለመጨረስ ከ580 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። አሁን በዲስክሪት ሒሳብ መንገድ ይታይ። የአንድ ቢት ደማሪ ሦስት ነገሮች ብቻ ይገቡለታል፤ ሁለቱ አሃዞችና ከቀደመው ቤት «በእጅ የተያዘው»። ሁኔታዎቹ 8 ብቻ ስለሆኑ አንድ በአንድ ይመረመራሉ። ከዚያም «እስከዚህ ቤት ድረስ ድምሩ ትክክል ከሆነ እስከሚቀጥለውም ትክክል ነው» የሚለው ይረጋገጣል። ይህ ኢንደክሽን የሚባለው ስልት ነው። ስምንት መስመርና አንድ ማረጋገጫ የ580 ዓመቱን ድካም ተኩ ማለት ነው።

ማረጋገጥ ሲጎድል ምን እንደሚደርስ ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1994 የኢንቴል ኩባንያ ፔንቲየም በተባለው ፕሮሰሰሩ የማካፈል ክፍል ላይ ስሕተት ተገኘ። ለማካፈል ከሚያገለግለው ሠንጠረዥ ውስጥ 5 ቦታዎች የሚገባቸውን ቁጥር ሳይዙ ቀርተው ነበር። ስሕተቱ የሚታየው እጅግ አልፎ አልፎ በመሆኑ ሙከራው ሳይደርስበት መሣሪያው ለገበያ ቀረበ፤ ኩባንያውም ለዚሁ ጉዳይ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዝግቧል።

ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገርም የግድ አይደለም። በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ በቀሪ ቁጥር የሚሠራ ሒሳብ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ዓመተ ዓለም ይገኛል፤ ይህም ለ19 ተካፍሎ ከቀሪው አንድ ሲነሣ ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው መጥቅዕ ይባላል። ለ2000 ዓ.ም. ወንበሩ 13፣ አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ 7 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ፤ ሊቃውንቱም ሁልጊዜ እንዲህ እንደሚሆን ያስተምራሉ። ለምን? 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሆኑ የሁለቱ ብዜቶች ድምር ምንጊዜም ለ30 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ የቀሪዎቹም ድምር ለ30 መካፈል አለበት። እያንዳንዱ ቀሪ ከ30 ያነሰ በመሆኑ ድምሩ 60 አይደርስም፤ ከዜሮ የሚበልጥ ከሆነም ከ30 ሌላ ሊሆን አይችልም። ወንበሩ ዜሮ ሲሆን ብቻ ሁለቱም ዜሮ ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ መጥቅዑ 30 ይባላል።

ይህን ስሌት ወደ ፕሮግራም የሚለውጥ ተማሪ ቀመሩን ቃል በቃል ጽፎ ከ2000 እስከ 2004 ዓ.ም. ያሉትን አምስት ዓመታት ቢሞክር ሁሉም ትክክል ይወጡለታል። በ2005 ዓ.ም. ግን ዓመተ ዓለሙ 7505 ለ19 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ከዜሮ አንድ ሲነሣም ወንበሩ ከዜሮ በታች 1 ይሆናል። ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አበቅቴው ከዜሮ በታች 11፣ መጥቅዑ ከዜሮ በታች 19 ሆኖ ይወጣል። ትክክለኛው ወንበር 18፣ አበቅቴው 18፣ መጥቅዑ 12 ነው። ድምሩ 30 መሆን እንዳለበት ያረጋገጠ ተማሪ ከዜሮ በታች 30 ሲያይ ስሕተቱን ወዲያው ያውቃል፤ መፍትሔውም አካፍሎ አንድ ከማንሣት ይልቅ አንድ አንሥቶ ማካፈል መሆኑን ይደርስበታል። አምስት ጊዜ የተሳካ ሙከራ ለስድስተኛው ዋስ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

በአገራችን የዚህን ትምህርት ጫና የሚያከብድ ሌላም ነገር አለ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ተማሪው አዲሱን አስተሳሰብ ከባዕድ ቋንቋ ጋር በአንድ ጊዜ ይሸከማል። በአማርኛ «ሁሉም አልመጡም» ሲባል አንድም የመጣ የለም ለማለት ወይም የቀሩ አሉ ለማለት ሊሆን ይችላል። ለአመክንዮ ግን እነዚህ ሁለት የተለያዩ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። ቅኔ በአንድ ቃል ሁለት ትርጉም መያዙ ጌጡ ነው፤ ለመሣሪያ የሚሰጥ ትእዛዝ ግን ሁለት ትርጉም ከያዘ ጥፋት ነው። በመሆኑም መምህሩ ልዩነቱን በተማሪው አፍ መፍቻ ቋንቋ ቢያስረዳ ደረጃ ማውረድ ሳይሆን ነገሩን ከሥሩ ማስያዝ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ እያንዳንዱ የማረጋገጫ ትምህርት ከቤተ ሙከራ ሥራ ጋር ይጣመር፤ ተማሪው ያረጋገጠውን ይሥራ፣ የሠራውንም ያረጋግጥ። ሁለተኛ፣ ምሳሌዎች ከተማሪው ዓለም ይመረጡ። ለአብነት ያህል በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ሀ ቁጥሩ 4608 ሲሆን ለእያንዳንዱ መደበኛ የፊደል ቤተሰብ 8 ቦታ ተሰጥቷል። የሞ ቁጥር 4638 ለ8 ሲካፈል 6 ይተርፋል፤ የግዕዙ ቀሪ ዜሮ ነውና 6 የሳብዕ ምልክት ነው። አንድ ዐይነት ድርሻ ያላቸው ፊደላት አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ዐይነት ቀሪ ያላቸው አንድ ረድፍ መሆናቸውን ያየ ተማሪ የዝምድናን ትምህርት በስሙ ፊደላት ላይ ያገኘዋል። ሦስተኛ፣ ፈተናው ቀመር ከማስታወስ ይልቅ «ለምን ትክክል ሆነ?» ብሎ ይጠይቅ።

ለዚህ ሁሉ በሥራ ላይ ያሉ መሐንዲሶች ድርሻ አላቸው። በየመሥሪያ ቤታቸው ያጋጠሟቸውን ስሕተቶች ለመምህራን ቢያካፍሉ ትምህርቱ ሕያው ይሆናል። አዲስ ምሩቅ ሲቀጥሩም «ፕሮግራምህ ይሠራል ወይ?» ከማለት አልፈው «ምንጊዜም እንደሚሠራ በምን ታውቃለህ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ጥያቄው ወደ ትምህርት ክፍሉ ተመልሶ መድረሱ አይቀርም። ወጣቱ ተማሪ «ለምን ይጠቅማል?» ሲል ያነሣው ጥያቄ ተገቢውን መልስ የሚያገኘው ሙያው ራሱ ማረጋገጫን ሲጠይቅ ነውና፣ ይህን ልማድ ማጽናት የዚህ ማኅበር አባላት ሁሉ አደራ ነው።