የሆድን ለማን ይነግሩታል?
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ መዋጮ ወይም ስለ ድንኳን አይደለም። በየቤታችን ስለገባ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰው ገመናውን በእጅ ስልኩ፣ በፌስቡክና በቲክቶክ፣ ለማያውቀው ሕዝብ ስለ መዘርገፉ ነው። የባልና ሚስት ጠብ፣ የታማሚ ፎቶግራፍ፣ የውርስ ክርክር፣ የለቅሶ ቤት ዋይታ እንኳ ሳይቀር አደባባይ ይወጣል። ብዙዎቻችን «ይሉኝታ ጠፋ» ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን ምክንያቱን እንመርምር እላለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ራስ ማውራት ደስ ያሰኛል። ዲያና ታሚርና ጄሰን ሚቸል የተባሉ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ምግብና ገንዘብ ሲያገኝ ደስ የሚለው የአንጎል ክፍል እንደሚነቃቃ አሳይተዋል። ስለ ራሳቸው ለመናገር ሲሉ ጥቂት ገንዘብ የተዉም ነበሩ።

ሁለተኛ፣ ስልክ ፊት የለውም። ከጎረቤት ጋር ቡና ስንጠጣ ፊቱን እናያለን፤ ቅንድቡ ሲሰበሰብ «ኧረ ይህስ ይቅር» ብለን እንገታለን። ጆን ሱለር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2004 እንደጻፈው፣ አለመተያየት የሰውን ልጓም ይፈታል። ሌሊት ብቻውን ተጋድሞ የሚጽፍ ሰው ከራሱ ጋር የሚያወራ ይመስለዋል።

ሦስተኛ፣ ለባዳ መናገር ይቀላል። ጀርመናዊው ጌኦርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1908 እንዳስገነዘበው፣ ሰው ከቅርቡ የሚደብቀውን ለእንግዳ ይነግራል። በአውቶቡስ አጠገባችን የተቀመጠ መንገደኛ ሆዱን ሲያራግፍልን አላየንም? ግን መንገደኛው ይወርዳል፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል። በስልክ የተለቀቀው አይወርድም። አማትም፣ አሠሪም፣ ነገ የሚያድገው ልጅም ያየዋል። ባለቤቱ ቢያጠፋው ሌላው ቀድቶ አስቀርቶታል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ዝም ይበል? አባቶቻችን «ሆድ ይፍጀው» ብለዋል፤ ደግሞም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። ሁለቱም እውነት ነው። ለሕክምናው ርዳታ የሚጠይቅ ሰው በአደባባይ ቢናገር አይነቀፍም። የሚያሳዝነው በሰፈሩ ሰሚ አጥቶ ወደዚያ የሚሄደው ነው። እኛ ለሞት ድንኳን አለን፤ ለፈረሰ ትዳርና ለጠፋ ሥራ ግን ድንኳን አይተከልም። ለሐዘንተኛውም ቢሆን ድንኳኑ ሲነሳ ቤቱ ጭር ይላል፤ ያን ጊዜ ስልኩን ያነሣል። ለጎረቤት እንዳይነግር ደግሞ ሐሜታችንን ይፈራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። ሐዘን የደረሰበትን ቤት ድንኳን ከተነሳ በኋላም እስከ አርባው ድረስ ሁለት ሁለት ሆነን እየተመላለስን እንጠይቅ። በቡና ላይ የሰማነው እዚያው ይቅር፤ ምስጢር የሚያወጣውን እንገሥጽ። በለቅሶ ቤት ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ ማንም ፎቶግራፍ ወይም ቪዲዮ አያንሳ።

እድራችን እስካሁን ብር ሲያዋጣ ኖሯል፤ ከእንግዲህ ጆሮም ያዋጣ።