ከፎ ቤቱ ጓዳ፦ ስለ ሾርባ፣ ስለ አንድ ቤተሰብና ስለ ጉበት



አዘጋጆቹ ደውለው «ከሙያ ወጣ ያለ፣ ቀለል ያለ ነገር አውሪልን» ሲሉኝ፣ ስለ አንድ የቬትናም ምግብ ቤት አወራለሁ አልኳቸው። ደስ አላቸው። ከወዲሁ ላስጠንቅቃችሁ ግን፣ መሐል ላይ ጉበት ይገባበታል። ያውም ጥሬ ሥጋ በላን በማግስቱ! (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤቱ ያለው ከዋሽንግተን ዲሲ ወንዙን ተሻግሮ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። አካባቢውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እንጀራ መሸጫው፣ ሥጋ ቤቱ፣ የኛ ሰው የሚነዳው ታክሲ ሁሉ እዚያ ነው። ከኛ ጎን ለጎን ደግሞ ቬትናሞች አሉ። ሳይጎን ሚያዝያ 30 ቀን 1975 ከወደቀች በኋላ መጥተው በመጀመሪያ አርሊንግተን፣ ክላረንደን የሚባለው ሰፈር ሱቅ ከፈቱ። በወቅቱ ለሜትሮ ባቡሩ ሲባል መንገዱ ተቆፋፍሮ ስለነበር ኪራይ ርካሽ ነበር። ባቡሩ በ1979 ሥራ ጀመረ፣ ኪራዩም አብሮ ወጣ። ከዚያ ብዙዎቹ ወደ ፎልስ ቸርች ተሻግረው በ1984 በተከፈተው ኤደን ሴንተር ገቡ። እዚያ ብትሄዱ የሳይጎኑን የቤን ታን ገበያ የሚመስል የሰዓት ማማ ታያላችሁ፤ ቢጫ ላይ ሦስት ቀይ መስመር ያለው፣ ዛሬ የሌለ አገር ባንዲራም ይውለበለባል። ባንዲራ ላይ ለሚከራከር ለኛ ዓይነቱ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

የኔው ምግብ ቤት ግን ከዚያ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ይርቃል፤ በልብስ ማጠቢያና በጥፍር ቤት መካከል የተሰነቀረ፣ አሥራ አራት ጠረጴዛ ያለው። ሬዚደንት ሳለሁ ከአዳር ስወጣ የምበላው እዚያ ነበር። ስሙን አልጠራም። ቤተሰቡ ታሪኩን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አላነሣም።

ምግቡን ልንገራችሁ። ሲጽፉት ፎ ይመስላል፤ ሲጠሩት ግን የኛው «ፈ» ነው፣ መጨረሻው እንደ ጥያቄ ወደ ላይ ከመሳቡ በቀር። የበሬ አጥንት ይቀቀልና የመጀመሪያው ውኃ ከነአረፋው ይደፋል። አጥንቱ ታጥቦ እንደገና ይጣዳል። ዝንጅብልና ሽንኩርት ከነልጣጩ እሳት ላይ እስኪጠቁር ይጠበሳል። ከዚያ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ኮከብ የሚመስለው አኒስና ከኮረሪማ ጋር ዘመድ የሆነ ጥቁር ሄል ይገባና ሌሊቱን ሙሉ በለሆሳስ ይንተከተካል። የዶሮ ወጥ ቁሌት ሲቁላላ ያደረ ሰው ትዕግሥቱን ያውቀዋል። ሲቀርብ ከጎኑ በሶብላ መሰል ቅጠል፣ ሎሚ፣ ቃሪያና የበቀለ ባቄላ ይቀመጣል።

ይህ ቅጠል በዚያ ቤት የሠላሳ ዓመት ጠብ ነበር። ሴትዮዋ በ1953 ሃኖይ አካባቢ ተወለዱ፤ በሚቀጥለው ዓመት አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል ወደ ደቡብ ከተሰደደው ብዙ ሕዝብ ጋር በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ወረዱ። ባልየው ደቡቤ ናቸው። እርሳቸው ጣፋጭ ጥቁር ስጎውንና ቅጠሉን ሲጨምሩ ሚስት ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ለሰሜን ሰው ሾርባ ላይ ይህን ሁሉ መከመር ነውር ነው። ሽሮ ላይ ቲማቲም ይግባ አይግባ ብሎ የተጣላ ትዳር እኔም አውቃለሁ።

ሌላ የወደድኩት አጠራራቸውን ነው። በቬትናምኛ «አንተ፣ አንቺ» ብሎ ገለልተኛ ነገር ማግኘት ይቸግራል። ሰው ሁሉ በዘመድ ስም ይጠራል፤ አስተናጋጁ «ታናሼ»፣ በዕድሜ የገፋው «አጎቴ» ነው። ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ ለማወቅ ዕድሜ ቀድሞ ይጠየቃል። እኔም ሴትዮዋን «ባክ» እላቸዋለሁ፤ የአባት ወይም የእናት ታላቅ ማለት ነው። በኛ ቢሆን እትዬ ነበሩ።

አሁን ወደ ጉበቱ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰውየው ከሱ። ልብሳቸው ሰፋ፣ ከኩሽናም ጠፉ። አንድ ቀን ማታ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ፋርማሲስት የሆነችው ልጃቸው (ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ የምትቀበለው እሷ ናት) አጠገቤ ተቀምጣ ነገረችኝ፤ የጉበት ካንሰር፣ መነሻው ሄፓታይተስ ቢ። ሐኪማቸው እኔ አይደለሁም፤ እንደ ዘመድ ነው የነገረችኝ። የፈሩት ሞቱን ብቻ አልነበረም። ወሬው ከወጣ ደንበኛ ይጠፋል ብለው ፈርተዋል። ሰውየው ሳህናቸውንና ቾፕስቲካቸውን ለይተው፣ በሠሩት ጓዳ ውስጥ ለብቻቸው ይበሉ ነበር። የልጅ ልጃቸውን መሳም ትተዋል።

ይህ እናንተም ቤት አለ። እንጀራው ተቆርጦ በተለየ ሳህን የሚሰጠው አጎት፣ ጉርሻ የተከለከለች ምራት፣ «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቅጠል ሲጠጣ የከረመ ጎረቤት። ቫይረሱ በምግብ፣ በሳህን፣ በጉርሻ፣ በመተቃቀፍ እንደማይተላለፍ እዚህ ላለነው መናገር ውኃን ወደ ዓባይ መሸከም ይመስላል። በደም፣ በግብረ ሥጋ፣ በወሊድ፣ በጋራ ምላጭ ነው የሚተላለፈው። ግን ስንቶቻችን ነን ውጤቱን ስንናገር «ከቤተሰብህ ጋር አብረህ ብላ» የሚለውን አረፍተ ነገር የምንጨምረው? ለበሽተኛው ከቫይረስ ቁጥሩ ይልቅ ማታ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ሁሉም እንዲመረመሩ መከርኩ። እናትየው ፖዚቲቭ፣ ልጅየው ፖዚቲቭ፣ ልጅቱ ኔጋቲቭ ሆኑ። ወንዱ በ1980 ማሌዥያ በስደተኞች ጣቢያ የተወለደ ነው፤ እሷ በ1993 ቨርጂኒያ። አንድ እናት፣ ሁለት ልጆች። በወሊድ ወቅት የሚያዝ ሕፃን ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ ያህል ቫይረሱ ሥር ይሰድበታል፤ በጉልምስና የተያዘ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያጸዳዋል። አሜሪካ ነፍሰ ጡሮች ሁሉ እንዲመረመሩ የተመከረው በ1988፣ ሕፃናት ሁሉ እንዲከተቡ የተመከረው ደግሞ በ1991 ነው። ልጅቱ በዚህች መስኮት ሾልካ ዳነች።

ከዚያ ልጅቱ የእናቷን የወሊድ ፋይል አስመጣች። ውጤቱ እዚያው ተጽፏል። ሕፃኗ በተወለደች ሰዓታት ውስጥ ክትባቱን ከነኢሚዩኖግሎቡሊኑ አግኝታለች፤ ሥራው በሚገባ ተሠርቷል። እናትየው ግን ስለ ራሳቸው ምን እንደተነገራቸው ጠየቅኳቸው። «ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ» አሉ። አስተርጓሚ አልነበረም። ባልም፣ የ13 ዓመቱ ልጅም ይመርመሩ ያለ ሰው የለም። ያ ወረቀት ሠላሳ ዓመት ካርቶን ውስጥ ተቀመጠ። ሰውየው ያኔ ቢታወቅላቸው ኖሮ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ይነሡ ነበር፤ መድኃኒቱ ሲመጣም በቀን አንድ ፍሬ ክኒን ይውጡ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም እናደዳለሁ። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልናገርም፤ የትም ሊሆን ይችላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር የገባው በ2007 ነው። ስለዚህ ዛሬ እዚህ ጠረጴዛ የከበብን ተመራቂዎች አንዳችንም በሕፃንነታችን አላገኘነውም። ከዚያ ላይ መርፌ ስንት ጊዜ ወግቶናል! በ2023 የአሜሪካው በሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ በዕድሜው ቢያንስ አንዴ ይመርመር ብሏል። የጉበት ካንሰር ክትትሉን እስያውያን ወንዶች በ40፣ ሴቶች በ50 ዓመታቸው ሲጀምሩ፣ የአፍሪካ ተወላጅ ግን ከዚያም ቀድሞ እንዲጀምር ይመከራል። እንግዲህ ዕድሜያችሁን ቁጠሩ። አሁን ለምታስተምሩት መምህራን ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ተማሪዎቻችሁ ዋርድ ከመግባታቸው በፊት ሦስቱን ዶዝ ይጨርሳሉ? መልሱን ከእራት በኋላ ብትነግሩኝ፣ ጉድለት ካለ ከውጭ ያለነው ወጪውን ለመጋራት ተነጋግረናል።

ሰውየው በ14ኛው ወር አረፉ። በመጨረሻዎቹ ወራት ግን ከቤተሰባቸው ጋር ከአንድ ድስት በሉ፤ ልጅቱ ሳህኑን ራሷ ሰብስባ ከሌላው ጋር ደባለቀችው። ቡድሂስቶች ስለሆኑ በ49ኛውና በ100ኛው ቀን ድግስ ነበር። እኔ የ40ና የ80 ልማድ ስላለኝ ሲጠሩኝ «ምን ይዤ ልምጣ» ብዬ አልተቸገርኩም፤ አንድ ኪሎ ቡና ይዤ ሄድኩ። እነርሱም የታወቁ ቡና አምራች ናቸው፣ ግን በአብዛኛው ሮቡስታ ነው። ባክ የኛን ቀምሰው «ቀጭን ነው» አሉና የጣሳ ወተት ገለበጡበት። ዝም አልኩ።

ቤቱ ይዘጋል ብለን ፈርተን ነበር። ልጆቹ የተማሩት ከዚያ ጓዳ እንዲወጡ ነው፤ የኛም ወላጆች እንደዚያው። ወንዱ ግን የሒሳብ ሥራውን በግማሽ ቀንሶ ድስቱን ያዘ። ክኒኑን ሌሊት አጥንቱን ሲጥድ ይውጣል፤ አይረሳውም። ዋጋ ጨምሯል፣ ቅጠሉም የአባቱን ያህል በዝቷል፤ እናትየውም ፊታቸውን ማዞራቸውን አልተዉም። ዲሲ ስትመጡ ደውሉልኝና እወስዳችኋለሁ። ሰኞ ዝግ ነው። በሌላው ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ከዚያ በኋላ ሾርባው ያልቃል።