ሐይቅ የለንም ብላችሁ አትለፉት

(ለወጣቶች ስብሰባ ያዘጋጀሁት ንግግር ነው፤ ያልመጣችሁም እንድታነቡት እዚህ አስቀምጬዋለሁ።)



መንግሥት ስለ ሐይቅ ጥበቃ ሲያወራ «እኛ ምን አገባን? ይሄ የጣና ሰው ጉዳይ ነው» የምንል አለን። ተሳስተናል። እስቲ ጣናን እዩት። በ2004 ዓ.ም. እምቦጭ ከታየበት ወዲህ ገበሬው በእጁ ነቀለ፣ ማሽን ገባ፣ ዘመቻ በዘመቻ ላይ ተጠራ። አረሙ ግን ይመለሳል። ለምን? ቀለቡ ከላይ ይመጣለታላ! ከተራቆተ ማሳ ታጥቦ የሚወርድ አፈርና ማዳበሪያ ነው የሚያፋፋው።

እኛ ደግሞ «ከላይ» ያለነው ሰዎች ነን። የጎጀብ ውሃ ኦሞ ይገባል። ኦሞ የጊቤ 3ን ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይሞላል፤ 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ግድብ ነው። ከዚያ ወርዶ ቱርካና ይገባል። ቱርካና ከሚያገኘው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ የኦሞ ነው። እዚህ የሚሸረሸር አፈር እዚያ ደለል ይሆናል።

ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የካፋን ባዮስፌር ሲመዘግብ ጫካውን ብቻ አልነበረም፤ እንደ አለምጎኖ ያሉ ረግረጎቻችንም በውስጡ አሉ። ጨፌ ክረምት የጠጣውን በጋ ቀስ እያለ ይለቃል፣ ደለሉንም ያስቀራል። ቦይ ተቆፍሮ ሲደርቅ፣ በቆሎ ሲዘራበት፣ ባሕር ዛፍ ሲተከልበት ግን መዝገቡ ብቻውን ምን ያደርጋል? ገበሬውን አልወቅስም፤ መሬት ጠቦት ነው። የወረቀቱ ጥበቃ ግን መሬት ላይ ይውረድ እላለሁ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦

1. የየጨፌው ወሰን ሕዝብ ባለበት ይከለል። ለባለሀብትም ይሁን ለወጣት ማኅበር አይሰጥ። ለእኛ ቢሰጠንም እንቢ እንበል!

2. ችግኝ ማፍላቱ፣ ተዳፋት ማሠሩ፣ የወንዙን ውሃ መመርመሩ ደመወዝ ያለው ሥራ ይሁን። እኔን ጨምሮ ዲግሪ ይዘን ቤት የተቀመጥን ስንት ነን?

3. ከኦሞ ኃይል ገቢ ላይ ውሃውን ለሚጠብቀው የላይኛው ተፋሰስ ሕዝብ ድርሻ ይመደብ።

ካፋ የቡና መገኛ ናት ብለን እንኮራለን፤ ደግ። ቡናውን ያቆየልን ግን ጫካውና ውሃው ነው። በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ «ጨፌያችን ወሰኑ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ እስክታገኙ አትቀመጡ።

ካፋ ትለምልም!