እብዱ፣ ተማሪውና ሹሙ፤ ለመሆኑ ቃል የማን ናት?

(መርካቶ ውስጥ ለመጻሕፍት ወዳጆች ካደረግኩት ንግግር)



ከየሱቃችሁና ከየተራችሁ ተነሥታችሁ ስለ ልብ ወለድ ለመስማት በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ። መርካቶ ውስጥ የአንድ ሰዓት ዋጋ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም በጻፍኩት ልክ የሚከፈለኝ ጋዜጠኛ ነኝ። ያለኝ ዲፕሎማ ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ሊቅ ነኝ ብዬ አላታልላችሁም። ስለዚህ ዛሬ “ሒሳዊ ንድፈ ሐሳብ” የሚባለውን ነገር ስጠራ አትደንግጡ። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ነገሩ ከእናንተ ሥራ የራቀ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1923 ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ከተማ ውስጥ አንድ የማኅበራዊ ጥናት ተቋም ተመሠረተ። ሂትለር በ1933 ሥልጣን ሲይዝ ተቋሙ ተዘጋ፤ አብዛኞቹ አይሁድ የነበሩት ምሁራን ተሰደዱ። ከእነርሱ አንዱ ማክስ ሆርክሃይመር በ1937 በስደት ላይ ሆኖ በጻፈው ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ዕውቀት አለ አለ። አንዱ ዓለምን እንዳለች ይገልጻል። ሌላው ግን “እንዲህ ያደረጋት ማን ነው? ማንስ ይጠቀማል? ሌላ መሆን አትችልም ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። በመርካቶ ቋንቋ ስናገረው፣ ደላላው “ዋጋው ይኸው ነው” ይላል፤ ሒሳዊው ሰው ደግሞ “ዋጋውን ማን ቆረጠው? ጆንያውንስ የተሸከመው ማን ነው?” ይላል።

እዚህ ላይ በደርግ ዘመን የውይይት ክበብ ያንገሸገሻችሁ ሰዎች ማርክስ ሊመጣ ነው ብላችሁ ስትቁነጠነጡ ይታየኛል። አይዟችሁ! እነዚህ ሰዎች ከማርክስ የተማሩ ቢሆኑም ለሞስኮ ያላጨበጨቡ ናቸው። የመመሪያ ጥራዝ አልሰጡንም፤ ጥያቄ ነው የሰጡን።

እኔም ያንን ጥያቄ ይዤ ሦስት መጻሕፍት አነበብኩ፦ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር፣ በ1962 የወጣውን የዳኛቸው ወርቁን አደፍርስ፣ በ1975 የወጣውን የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ። አንዱን የፍቅር፣ አንዱን የክርክር፣ አንዱን የጦርነት መጽሐፍ ስንል ኖረናል። እኔ ግን ሦስቱም ውስጥ አንድ ሰው አገኘሁ። ከሌላው በላይ ያወቀና ዝም ማለት ያልቻለ ሰው ነው።

ከጉዱ ካሣ እንጀምር። ይህ ሰው ስለ መኳንንቱ የሚናገረውን ሌላ ሰው ቢናገረው ኖሮ በዚያ ዘመን ምላሱን ይዞ ከደጅ አይወጣም ነበር። እሱ ግን ይናገራል፤ ይሰማል፤ ይሳቅበታል። ለምን? “ጉዱ” ስለተባለ! እብድ ማለት ፈቃድም እስር ቤትም ነው። ማኅበረሰቡ ሰውየውን አልገደለውም፤ ቅጽል ስም ሰጠው፣ አለቀ። ይህ ዘዴ ዛሬ የቀረ የሚመስለው ካለ በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣውን ሰው ጓደኞቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት ይጠይቅ።

ሌላም ነገር አለ። ጉዱ ካሣ ከውጭ ያመጣው መመዘኛ የለውም። መኳንንቱን የሚመዝናቸው በገዛ ሃይማኖታቸው፣ በገዛ ቃላቸው ነው። ሒሳዊዎቹ በጣም የሚወዱት ዘዴ ይኸው ነው፤ ባለሥልጣንን በራሱ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ። ሆኖም ፊታውራሪ መሸሻን የማረኳቸው የጉዱ ካሣ ንግግሮች አይደሉም፤ አንገብርም ብለው ከአበጀ በለው ጋር የተነሡት ባላገሮች ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ አዋቂውንና አድራጊውን ለይተው ማስቀመጣቸው፣ በእኔ ግምት፣ የመጽሐፉ ትልቁ ሐሳብ ነው። ስለ ሰብለና ስለ በዛብህ እያለቀስን አልፈነዋል።

አደፍርስ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ይህኛው እብድ አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ለአገልግሎት ሸዋ ገጠር ወርዷል። ስሙ ራሱ ትእዛዝ ነው፤ ሳይደፈርስ አይጠራም እንደሚባለው። ደፍርሷል ወይ? ይናገራል፣ ይናገራል፣ ይናገራል... ወይዘሮ አሰጋሽን የመሳሰሉ ሰዎች ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። ብዙ አንባቢ መጽሐፉ አስቸጋሪ ነው፣ ንግግር በዛበት ይላል። እኔ ደግሞ የንግግሩ መብዛት ራሱ ነገሩ ነው እላለሁ። ሆርክሃይመርና አዶርኖ እ.ኤ.አ. በ1944 መጀመሪያ በማባዣ ማሽን ባሰራጩት መጽሐፋቸው፣ ሰውን ነጻ ሊያወጣ የመጣ ዕውቀት ተመልሶ ጌታ ሊሆን ይችላል ብለው አስጠንቅቀዋል። አደፍርስ ባላገሩን ይወደዋል፤ ነገር ግን ይጠይቀዋል ወይስ ያስረዳዋል? ዳኛቸው ይህንን የጻፈው ተማሪው ሁሉ “መሬት ለአራሹ” እያለ በሚጮኽበት ዘመን መሆኑ ያስደንቀኛል። ከዚያ በኋላ ለባላገሩ በባላገሩ ስም ስንት ነገር እንደተወሰነለት ታውቃላችሁ።

ወደ ኦሮማይ ስንመጣ ተናጋሪው ደመወዝተኛ ሆኗል። ፀጋዬ ኃይለማርያም በ1974ቱ የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ ፕሮፓጋንዳውን የሚመራ ጋዜጠኛ ነው። ጉዱ ካሣ ቃሉ የራሱ ነበረ፤ ሥልጣን አልነበረውም። ፀጋዬ ሬዲዮው፣ ጋዜጣው፣ መድረኩ በእጁ ነው፤ ቃሉ ግን የእሱ አይደለችም። ናቅፋ አልተያዘችም፤ መፈክሩ ግን ቀድሞ ተጽፏል! ቃል ዕቃ ስትሆን፣ እንደ ሸቀጥ በትእዛዝ ስትመረት ምን እንደምትመስል ከዚህ በተሻለ ያሳየ የአማርኛ መጽሐፍ አላነበብኩም። እንደ ጋዜጠኛ ደግሞ ሳነበው ያመኛል፤ እኔም ዓምድ የምሸጥ ሰው ነኝና።

ሁለቱም ደራሲዎች፣ ሐዲስም በዓሉም፣ የመንግሥት ሹሞች ነበሩ። ሐዲስ በለንደን አምባሳደር ሆነው ሠርተዋል፤ መጽሐፋቸውም ታትሞ፣ በኋላ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተርኮ ቤት ለቤት ገባ። በዓሉ ግን መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ልዩነቱ የት ላይ ነው? የሐዲስ ፊታውራሪ ከጎጃም የድሮ ዘመን የመጡ ናቸው፤ አንባቢ የዘመኑን ሹም ቢያይባቸው እንኳ ስም አይጠራም። የበዓሉ ሰዎች ግን በጊዜው ቢሮአቸው ተቀምጠው ነበር፤ ራሳቸውን አነበቡ። ኦሮማይ ማለት ከጣሊያንኛ አስመራ የገባ፣ “ከእንግዲህ አበቃ” ዓይነት ቃል ነው። ያበቃው የማን እንደሆነ ግን አንባቢው ያውቅ ነበር።

ቫልተር ቤንያሚን የሚባለው የዚያው ቡድን ወዳጅ እ.ኤ.አ. በ1936 ባወጣው ጽሑፍ፣ የጥበብ ሥራ በማሽን ሲባዛ ያ አንድዬ የነበረው ግርማ ሞገሱ ይጠፋል ብሏል። ሰውየው መርካቶን አላየም! ኦሮማይ የማተሚያ ቤት ውጤት ነው፤ አንዱ ቅጂ ከሌላው አይለይም። ሲከለከል ግን እንደ ብራና መጽሐፍ ሆነ፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ዋጋው በብዙ እጥፍ ወጣ። ግርማ ሞገስን የመለሰለት ሳንሱር ነው። በኋላ በነጻ ሲታተም በየመደርደሪያው ተገኘ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ወጣ። በ1985 የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ምርመራን አስቀረ፤ በዚያው አዋጅ የተከሰሱና የታሰሩ ጋዜጠኞች ግን ብዙ ናቸው። ከመታተሙ በፊት የሚመጣው መቀስ ሄዶ ከታተመ በኋላ የሚመጣው መጥሪያ ተተካ ማለት ነው።

አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በሦስቱም መጻሕፍት የሚናገረው ወንድ ነው። ሰብለ ወንግል ትጠብቃለች፣ ትመንናለች፣ ትሞታለች። የፊያሜታም መጨረሻ አያምርም። ጉዱ ካሣ ሥርዓቱን ሲተች ሰብለ እዚያው ቤት ውስጥ ታጉራ ነበረች፤ ስለ ሥርዓቱ እሷን ብንጠይቃት ምን ትል ነበር? የፍራንክፈርት ሊቃውንት ራሳቸው ይህን ጥያቄ ብዙም አልጠየቁትም። እዚህ ከተቀመጣችሁት እህቶች መካከል መልስ ያላት ካለች መድረኩ ክፍት ነው፤ ወንዶቹ ትንሽ ይታገሡ።