በመተማ በኩል የመጡ ካሴቶች
(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ቴዲ አፍሮ ካሴቶቼ እንድናገር 5 ደቂቃ ሰጥቶኛል። ብዙዎቻችሁ ቤቴ መጥታችሁ ካርቶኖቹን አይታችኋል። «ይህ ሰው ዕድሜውን በካሴት ጨረሰ» የምትሉም አላችሁ፤ አልተሳሳታችሁም።

ስብስቤ የሚጀምረው በ1993 ዓ.ም. በወጣው «አቡጊዳ» ነው። ያን ጊዜ እዚህ ገዳሪፍ አዲስ የአማርኛ ካሴት የሚደርሰን ከመተማ ጋላባትን አቋርጦ በሚመጣ መንገደኛ እጅ ነበር። ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ተጠቅልሎ ይመጣል። አንድ ኦሪጅናል ከገባ ሳምንት ሳይሞላው ቅጂው በየቡና ቤቱ ይሰማል። እኔ ግን የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ባለሙያዎቹ ስም የታተመበትን ሽፋን እስካገኝ እጠብቃለሁ። የማን ሥራ እንደሆነ ካልታወቀ ለልጅ ምን ብለን እናወርሰዋለን?

በ1997 ዓ.ም. «ያስተሰርያል» ወጣ። ስለ ይቅርታ የሚያነሣው ዘፈን የመንግሥታት ወቀሳ ተደርጎ ተወሰደ፤ ከዚያ ዓመት ምርጫ በኋላም በአገር ቤት ከመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠፋ። እዚህ ግን የሚከለክለን ስላልነበረ ክሩ እስኪሳሳ ሰማነው። የእኔን ካሴት ስንት ጊዜ በእርሳስ እንዳጠነጠንኩት አልቆጥረውም።

በ2004 ዓ.ም. ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ አድዋ የሚዘፍነው «ጥቁር ሰው» ሲመጣ ነገሩ በእኛም መካከል ከረረ። አንዱን ያኮራው ሌላውን አሳዘነው። በአንድ በዓላችን ላይ ዘፈኑ ሲከፈት ተነሥተው የወጡ ቤተሰቦች ነበሩ። ሽማግሌዎቻችን በማግስቱ ቡና አስፈልተው ሁለቱንም ወገን አነጋገሩ። ከዚያ ወዲህ የበዓል ሙዚቃ የሚመረጠው ከየወገኑ በተውጣጡ ሰዎች ነው። በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» የተባለው አልበም በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ ሠንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ፣ አዲስ አበባ ላይ የተሰናዳው የምረቃ ዝግጅቱ ደግሞ በፖሊስ ሲታገድ፣ ዜናውን አብረን ነው የተከታተልነው።

«በዘፈኖቹ ሁሉ ትስማማለህ ወይ?» ትሉኛላችሁ። አልስማማም። የማስቀምጣቸው በዚህ ዘመን ሕዝባችን በምን እንደተደሰተና በምን እንደተቆጣ ስለሚናገሩ ነው። ያዘነውም ወገን ታሪኩ እዚያው ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የገዳሪፍ ሙቀትና የሀቡብ አቧራ ካሴት አያስተርፍም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ከካርቱም ወደዚህ የመጡ ወዳጆቼ ስብስባቸውን ጥለው ነው የወጡት። ነፍስ ከዘፈን ስለምትበልጥ አልፈርድባቸውም። የእኔም ካርቶኖች ነገ ምን እንደሚገጥማቸው አላውቅም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። ኮምፒዩተር የምታውቁ ልጆቻችን ካሴቶቹን ከነሽፋናቸው ገልብጣችሁ ከአንድ በላይ በሆነ ቤት አስቀምጡልን። ወላጆች ደግሞ የትኛውም ዘፋኝ ይሁን፣ የትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ሣጥናችሁ ውስጥ ያለውን አምጡና አብረን እናስቀምጥ። የትግርኛውም፣ የኦሮምኛውም፣ የሱዳኑ የመሐመድ ወርዲም ካሴት ቦታ አለው። የእኔን ካርቶኖች ከዛሬ ጀምሮ ለማኅበሩ አስረክቤያለሁ።

ለከርሞው በሰላም ያድርሰን!