በጥቁር አሸዋ ዳር ወርቅ ስለ መፈለግ
(የሳይንስ ክበብ በትምህርት ቤታችን በዓል ያሰማው ንግግር)



የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ሲባል ለብዙ ሰው ቀላል ነገር ይመስለዋል፤ በመሬት ላይ ማንዣበብ፣ ሲጮኽም መቆፈር ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንነግራችሁ መሣሪያው ያለ ምክንያት ስለሚጮኽበት ስፍራ ነው። ይኸውም ጥቁር አሸዋ ያለበት የባሕር ዳር ነው።

በኒውዚላንድ ሰሜናዊ ደሴት፣ በምዕራቡ ዳርቻ፣ ለምሳሌ በፒሃ፣ አሸዋው እንደ ከሰል ጥቁር ነው። ከታራናኪ እሳተ ገሞራ የወጣውን ብረት አዘል ማዕድን ወንዝና ማዕበል እየገፉ በዳርቻው አከማችተውታል። ነገሩ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፤ በአዲስ አበባ ከዝናብ በኋላ በቦይ ዳር ወደሚቀረው አሸዋ ማግኔት ብታስጠጉ ጥቁር ቅንጣቶች እንደ ጢም ተንጠልጥለው ይወጣሉ።

መሣሪያው በጥቅል ሽቦው ውስጥ በሚመላለስ ኤሌክትሪክ የማግኔት ኃይል ይፈጥራል። ይህ ኃይል የተቀበረ ቀለበት ሲያገኝ በቀለበቱ ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያዞራል፤ መሣሪያውም የዚህን መልስ ይሰማል። በጥቁር አሸዋ ዳር ግን ሳይጠሩ የሚመልሱ ሁለት አሉ። አሸዋው ማግኔት ስለሚስበው ይመልሳል፤ የጨው ውኃውም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ይመልሳል። ሁለቱ በአንድ ዓይነት ቢመልሱ ኖሮ ችግሩ በቀለለ ነበር። ዳሩ ግን የአሸዋው መልስ ከማግኔቱ ኃይል ጋር አብሮ ሲነሣ፣ የውኃው ዘግየት ይላል። በአንድ የሞገድ ድግግሞሽ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ አንዱን ችላ እንዲል ቢስተካከል ሌላው ይጮኽበታል። በደረቁ አሸዋ ላይ ይቻላል፤ ማዕበሉ በሚመላለስበት እርጥብ ስፍራ ግን ጭንቅ ነው።

የአካባቢ ነገር ማሳሳቱ አዲስ አይደለም። በ1881 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚደንት ጋርፊልድ በጥይት በተመቱ ጊዜ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቱን በእንዲህ ያለ መሣሪያ ፈልጎ አላገኘውም። ፕሬዚደንቱ የተኙበት ፍራሽ የብረት ሽቦ እንደ ነበረበት ያወቀው በኋላ ነው።

ከመፍትሔዎቹ እኛን እጅግ የማረከን የምት መሣሪያ ነው። ኃይሉን ይልክና ድንገት ያቋርጣል፤ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ 10 ያህል እጅ ይጠብቅና ያዳምጣል። የአሸዋው መልስ በአብዛኛው ከኃይሉ ጋር ያልቃል፤ የውኃውም ቶሎ ይጠፋል፤ የወፍራም ቀለበት መልስ ግን ይቆያል። ትዕግሥቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የቀጭን ወርቅ ሰንሰለት መልስ እንደ ጨው ውኃው ፈጥኖ ስለሚጠፋ አብሮ ይታለፋል። ሚስማርን ከወርቅ ለመለየትም ስለማያመች ፈላጊው ብዙ ዝገት ይቆፍራል። በብዙ ድግግሞሽ የሚሠሩት መሣሪያዎች መልሶቹን እያነጻጸሩ በዚህ ይሻላሉ፤ ሆኖም አሸዋው እጅግ ሲጠቁር እነርሱም ጥልቀት ያጣሉ።

ቀለበት ፈላጊ ቢስት ቀለበት ይቀርበታል፤ ማግኔት በሚስበው አፈር ላይ ፈንጂ የሚፈልግ ሰው ግን ቢስት ሕይወቱን ነው። ስለዚህ ፈንጂ አምካኞች ሥራ ሳይጀምሩ መሣሪያውን በዚያው ስፍራ አፈር ይፈትኑታል። በባሕር ዳር የሚፈልግም ሰው እንዲሁ አንድ ሳንቲም በክር አስሮ በእርጥቡ አሸዋ ይቅበርና እስከ ስንት ጣት ጥልቀት እንደሚሰማ አስቀድሞ ይለካ። ክሩ ሳንቲሙ ራሱ እንዳይጠፋ ነው።