እግሩ የሚንቀጠቀጥ ውሻ ሁሉ እብድ ነውን?



በወልድያም ሆነ በሀብሩ ገጠር እግሩ ያለ ፈቃዱ የሚንቀጠቀጥ ውሻ ሲታይ «አብዷል» ተብሎ ዱላ ይነሣበታል። ከዓመታት በፊት መርሳ ላይ እኔው ራሴ አንዱን እብድ ነው ብዬ አስገድያለሁ። እግሩ ለወራት እንዲያ ሲል እንደ ነበር ባለቤቱ የነገሩኝ ከተቀበረ በኋላ ነው፤ አስቀድሜ አልጠየቅኋቸውምና።

የተኛ ውሻ እግሩን ቢያወራጭ ሕልም እያየ ይሆናል፤ ሲጠሩት ነቅቶ ይተዋል። ከዲስቴምፐር የተረፈው ግን ሌላ ነው። ትኩሳቱ ከለቀቀው፣ ዐይናሩም ከደረቀ ከሳምንታት በኋላ፣ ቫይረሱ በነርቭ ላይ በተወው ጉዳት አንድ እግሩ በእኩል ምት ብድግ ብድግ ይላል፤ ተኝቶም ላያቆም ይችላል። ይህ በሽታ ወደ ሰው አይተላለፍም። በስትሪክኒን የተመረዘ ውሻ ደግሞ ሰውነቱ ይገተራል፤ ድምፅ በሰማ ቁጥር ይብስበታል።

በእብድ ውሻ በሽታ ጠባይ ይለወጣል፣ ለሃጭ ይዝረበረባል፣ ሽባነት ይከተላል፤ ምልክቱ ከታየ ውሻው አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀናት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ለወራት እየበላ፣ ባለቤቱን እያወቀ የኖረን ውሻ እብድ ማለት ያስቸግራል። የተነከሰ ሰው ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም፤ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ዲስቴምፐር የመንደር ጉዳይ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በባሌ ተራሮች ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ገድሏል፤ የእኛው የሰሜን ወሎ አቡነ ዮሴፍ ተራራም የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው።